የሻርኩት መርዶ

ወንድሜን ክፍሌን ለመጨረሻ ጊዜ ሳየው ፊቱን የገብስ ዱቄት ተቀብቶ ነበር። ዱቄቱ በጉሙ እርጥበት ላቁጦ ጢሙ ላይ ተጣብቋል። እየሳቀ ነበር። ይህን ታሪክ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አንዴ ከልጅነታችን፣ አንዴ ከቀብሩ፣ አንዴም ከየት እንደሆነ ረስቼዋለሁ። አሁን ከዱቄቱ ልጀምር። ሌላ መጀመሪያ አላገኘሁለትም።

ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ክፍሌ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ወርቅነህ ቀደም ብሎ ስለሞተ ለእኔ ወንድምም አባትም እሱ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣ ዘመሮ ተመድቦ ያስተምር ጀመር። እናታችን አስካለ ግን ከተወለድንበት ቤት አልለቅም ብላ፣ ወደ ራቤል በሚወስደው መንገድ፣ ከዘመሮ የአንድ ቀን ጎዳና ርቃ ትኖር ነበር።

ክፍሌ አንድ ጊዜ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ ሲኒማ ቤት ገብቶ ነበር። ያየው የሚያስፈራ ፊልም ነው። ሲመለስ ስለ ፊልሙ ታሪክ ብዙም አላወራኝም። ያወራኝ ስለ ተመልካቹ ነው።

«ታዴ፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲጮህ ሰምተህ ታውቃለህ? ከጎኔ አንድ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ነበር። አያውቀኝም። እጄን ያዘኝ እኮ! የፈረንጅ ሙት ይህን ያህል ካስፈራ፣ የመንዝ ሙት ቢነሳማ ምን ሊሆን ነው?»

ይህን ሐሳብ ሁለት ዓመት ተሸክሞት ኖረ። በመጨረሻ እኔው ነኝ መንገድ ያገኘሁለት። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አንድ ወጣት ፈረንጅ ነበር፤ በቁልፍ እንደ ሰዓት የሚሞላ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ የፊልም ካሜራ ነበረው። ስለ ወንድሜ ስነግረው ለክረምቱ አዋሰኝ። አራት ጥቅል ፊልምም ጨመረልኝ። አንዱ ጥቅል አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ካሜራው ድምፅ አይቀዳም። የተቀረጸውን አጥበው የሚልኩት ውጭ አገር ነው አለኝ።

ክፍሌ የጻፈው ታሪክ አጭር ነው። ሁለት ወንድማማቾች በርስት ይጣላሉ። ታላቁ ይሞታል። ታናሹ ቂሙን ይዞ ከቀብሩ ይቀራል። ሟቹ «ወንድሜ ሳይቀብረኝ አልቀበርም» ብሎ ከቃሬዛው ይነሳና በአገሩ ላይ ይዞራል። ሟቹን የሚሠራው ክፍሌ ራሱ ነው። ካሜራውን የምይዘው እኔ ነኝ። ሌላው የሥራ ጓደኛው በቀለ ነበር፤ ዘመሮ ከእሱ ጋር የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ ሁሉን ነገር የሚጠራጠር ሰው።

«በጨለማ መቅረጽ ካልተቻለ ሙቱ በፀሐይ ሲዞር ማን ይፈራዋል?» አለ በቀለ።

«ጨለማ ባይኖረን ጉም አለን» አለ ክፍሌ።

ጊዜው ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ ተፈትቷል። ከዘመሮ ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ሻርኩት የሚባል አንድ ሜዳ አለ። በክረምት ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ይወጣና ሜዳውን ሞልቶት ያርፋል። አራት ቀን ጠበቅነው። አራቱንም ቀን፣ እኛን ሊያበሽቅ ይመስል፣ ሰማዩ ጠራ። በአምስተኛው ቀን ጧት በቀለ በሩን ደብድቦ፣ «ተነሱ፣ የመጋረጃው ባለቤት ጉም መጣ!» አለ።

ቃሬዛውን ከጽድ እንጨት ራሳችን ሠርተነዋል። አራት የሰፈር ጎረምሶች ሊሸከሙ መጡ። ክፍሌ ነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ ፊቱን ዱቄት ተቀብቶ ተኛ። ላዩ ላይ ጥቁር የበግ ጠጉር ባና ጣልንበት።

«መምህር፣ እውነተኛ ሬሳ እንኳ እንዲህ አይከብድም» አለ አንዱ ተሸካሚ።

«እውነተኛ ሬሳ ሁለት እንጀራ ቁርስ አይበላማ» አለ ሌላው።

ክፍሌ ከባናው ሥር፣ «የምትስቁትን ሁሉ ስነሳ ከእናንተ ነው የምጀምረው» አለ።

አልቃሽ ያስፈልገናል ብሎ እትዬ በላይነሽን ያመጣው እሱ ነው። እትዬ በላይነሽ በዚያ አገር ሙሾ በማውረድ የታወቁ ሴት ናቸው። በቀለ ተቃውሞ ነበር፤ «ካሜራው አይሰማ፣ ምን ያደርጉልናል?» ክፍሌ ግን፣ «ካሜራው ባይሰማ ሰዎቹ ይሰማሉ። እሳቸው ካላወረዱ የእነዚህ ፊት ሐዘን አያወጣም» አለ። እውነቱን ነበር። ጎረምሶቹ ይስቁ ነበር።

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቃሬዛው አጠገብ ቆሙ። ግን አልጀመሩም።

«ምነው እትዬ?» አለ ክፍሌ።

«ስም።»

«የምን ስም?»

«ስም የሌለው ሙሾ አይወርድም ልጄ። ማንን ብዬ ልጥራ? የማን ልጅ ልበል? እንደ ከብት በደፈናው አይለቀስ።»

ክፍሌ ከባናው ሥር አንገቱን አውጥቶ አሰበ። አንድ የፈጠራ ስም ሊሰጣቸው እንደነበር አውቃለሁ፤ በታሪኩ ላይ ለሟቹ የጻፈለት ስም ነበረ። እኔ ግን ካሜራውን ሞልቼ፣ ቸኩዬ፣ ደግሞም ሰው ሁሉ እየሳቀ ስለነበር ለመሳቅ ብዬ፦

«የራሱን ይጥሩት እንጂ! ሞቶ የተኛው እሱ አይደል?» አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። ክፍሌም ሳቀ። እትዬ በላይነሽ አልሳቁም። «በስመ አብ» ብለው አማተቡና ፊቱን አዩት።

«ይጥሩኝ እትዬ» አላቸው። «ስሞት የሚሉኝን በሕይወቴ ልስማው።»

ይህን የምታነቡ የእኛን አገር ሰዎች ማስረዳት አያስፈልገኝም። የሌላ አገር ሰው ካለ ግን ይህን ይወቅ፦ በእኛ ዘንድ በሙሾ ስሙ የተጠራ ሰው ሞቷል። እርግጥ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህን እኔም አውቅ ነበር። ካሜራ ይዤ ስለነበር ነው መሰለኝ የረሳሁት።

ቃሬዛው ተነሳ። እትዬ በላይነሽ ድምፃቸውን ለቀቁት።

ክፍሌ የወርቅነህ፣ ክፍሌ ያስካለ ልጅ፣
ፊደል ቆጥረህ ቆጥረህ ቀረህ ወይ ከደጅ።

የጎረምሶቹ ፊት ወዲያው ተለወጠ። ካሜራው እየተንጣጣ ይሄዳል። ልክ በዚያን ጊዜ ከማዶ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የወንድ ድምፅ ተጣራ።

«ማነው—! ማን ነው የሞተው—! ክፍሌ አስተማሪው ነው—?»

ተሸካሚዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። የሞላሁት ቁልፍ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ምስሉ እንዳይበላሽብኝ በእጄ ምልክት ሰጠሁ። ዝም በሉ፣ ወደፊት ሂዱ አልኩ። ሄዱ። ድምፁ አንድ ጊዜ ደግሞ ተጣራ፤ ከዚያ ጠፋ።

ከዚያ ቃሬዛውን አፋፉ አጠገብ አስቀምጠው የትንሣኤውን ቦታ ቀረጽን። ባናው ይንቀሳቀሳል፤ አንድ እጅ ይወጣል፤ ከዚያ ክፍሌ ቀስ ብሎ ቁጭ ይላል። በአንድ ጊዜ ተሳካ። ካሜራውን ሳወርድ ከጉሙ ውስጥ አንዲት አሮጊት እየጮሁ ደረሱብን፤ የሙሾውን ድምፅ ተከትለው ነው የመጡት። ክፍሌ ያን ነጭ ፊቱን ይዞ ቁጭ ብሎ ሲያዩት እዚያው ተቀመጡ። ውኃ ረጨናቸው።

«እናንተ የተረገማችሁ!» አሉ መናገር ሲችሉ። «ያ የተጣራው የግሼ ነጋዴ እኮ አህዮቹን እየነዳ ሄደ! እናቱን አውቃታለሁ፣ ለዘመዶቿ ልንገር ብሎ እያለቀሰ ሄደ!»

ማንም አልሳቀም።

መርዶ በእኛ አገር በቀጥታ ለእናት አይነገርም። ወሬው ማታ ለጎረቤትና ለዘመድ ይደርሳል። ዘመድ ተጠራርቶ ጎሕ ሲቀድ በሯ ላይ ይቆማል። ስለዚህ እስከ ንጋት ጊዜ አለን።

«አንተ ራስህ ሂድ» አልኩት ክፍሌን። «ዓይኗ ይይህ።»

ሰማዩን አየ። ጉሙን ማለቴ ነው፤ ሰማይ አልነበረም።

«ታዴ፣ አንድ ጥቅል ቀርታኛለች። ሙቱ በጉም ሲዞር የሚታይበት ቦታ አልተቀረጸም። ነገ ጉም ላይኖር ይችላል። አንተ ከኔ ይልቅ ሯጭ ነህ። በቀለ ይቀርጸኛል። ነገ ከቀትር በፊት እደርሳለሁ።»

«ብታለቅስስ?»

«ተነሥቶ ይመጣል በላታ!» አለና ሳቀ። የተቀረጹትን ሦስት ጥቅሎች በቆርቆሯቸው አድርጎ፣ እርጥበት እንዳይነካቸው በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «እነዚህ አንተ ጋ ይሁኑ።»

ተናድጄበት ነበር። ደኅና ዋል ሳልለው ሄድኩ።

መንገዱን ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ያን ቀን ግን ጉሙ አሳሳተኝ። የጓሳው ሣር ውስጥ ገብቼ ስሽከረከር ውዬ፣ ሊመሽ ሲል ጭቃ በጭቃ ሆኜ አንድ ቤት ደረስኩ። ከእናቴ ቤት የሁለት ሰዓት መንገድ ይቀረዋል። ባለቤቱ አያ ደምሴ ይባላሉ። ሚስታቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። እሳት ዳር አስቀምጠው እግሬን አጠቡኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የወርቅነህ። እናቴ አስካለ ትባላለች።»

እትዬ ዘነበች እግሬን የያዘው እጃቸው ቆመ።

«ወንድሜ ክፍሌ ሞተ የሚል ወሬ ሰምታችሁ እንደሆነ ውሸት ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

አያ ደምሴ ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው እሳቱን አዩ።

«ማን አለህ ልጄ? እኛ ምንም አልሰማን። ወንድምህ አለ። ደኅና ነው።»

«አንድ ነጋዴ በዚህ አላለፈም?»

«ማንም አላለፈ። ይልቅ ብላ። ጠላውንም ጎንጨት አድርግበት።»

«እትዬ በላይነሽ ያወረዱት ለሲኒማ ነው። የጨዋታ ነው።»

«ሲኒማ ነው አዎ» አሉ አያ ደምሴ። «ሰማሽ ዘነበች? ሲኒማ ነው እኮ።»

«ነው እንጂ፣ ሲኒማ ነው» አሉ እሳቸውም፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

ያኔ ገባኝ። የሞተበት ሰው መንገድ ላይ ከተገኘ አይነገረውም። ይበላል፣ ይተኛል፤ መርዶውን የሚረዳው ጧት ከወገኑ ጋር ነው። እስከዚያ የሚለውን ሁሉ እሺ ይሉታል። እኔም በትንሽነቴ ለአንድ የአጎቴ ልጅ እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ እናቱ ሞታ ሳለ «ደኅና ናት» ብዬው አብሬው ገበጣ ተጫውቻለሁ። አሁን ተራው የእኔ ሆነ። አለ ባልኩ ቁጥር አለ ይሉኛል። በተስማሙ ቁጥር ፍርሃቴ ይጨምራል። መደብ ላይ አስተኝተው ባና ደረቡልኝ። ከግድግዳው ጀርባ እትዬ ዘነበች ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ።

«ያልታደለ ልጅ! ሳይነግሩት እኮ ነው የላኩት።»

ከራሴ ጋር መከራከር ጀመርኩ። በዓይኔ አይቼው፣ እየሳቀ ተለይቼው መጥቻለሁ። ታዲያ ለምን ፈራሁ? ቆርቆሮዎቹን ከጨርቁ አውጥቼ ደረቴ ላይ አቀፍኳቸው። ቀዝቃዛ ነበሩ።

ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። በየመንገዱ ሰው እየተቀላቀለ አሥራ አምስት ያህል ሆንን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም አይናገርም። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ክንዴን ደግፈውኛል። ተቆጥቼ «አለ እኮ ነው የምላችሁ!» ስል፣ «አለ፣ አለ፣ ቀስ በል» ይሉኛል። የቤታችን አጥር ሲታየኝ መንጭቄ ሮጥኩ።

እናቴ በጎቿን ልታወጣ የጋጣውን በር እየከፈተች ነበር። ቀና አለች። በንጋት፣ በዝምታ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ የሚመጣ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የማታውቅ እናት የለችም። እንጨቱ ከእጇ ወደቀ።

«ማንኛቸው?» አለች።

እኔን አየችኝ። ስለዚህ ማንኛችን እንደሆነ ገባት። ስትወድቅ ደረስኩባት።

«አለ! እማዬ፣ አለ! ውሸት ነው!»

«ማል!»

«ሚካኤልን!»

«በአባትህ አጥንት ማልልኝ!»

«በአባቴ አጥንት! ትናንት እየሳቀ ትቼው ነው የመጣሁት!»

ፊቴን ትክ ብላ አየች። ከዚያ በጥፊ መታችኝ። ከዚያ አቀፈችኝ፤ አቅፋኝ ሳቀች። ለዚያ ሁሉ ሰው ነገሩን አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ካሜራውን፣ ሙሾውን፣ ነጋዴውን። መጀመሪያ አላመኑኝም። እሷ ስታምን እነሱም አመኑ። ነጠላቸውን ገለበጡ። እናቴ የመጣውን ሰው ሁሉ አስቀምጣ ቁርስ አበላች።

«ሞተ የተባለ ዕድሜው ረጅም ነው» አሉ አያ ደምሴ። «ሲኒማውንም ይኸው ሳንከፍል አየነው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እናቴ እጄን አልለቀቀችም።

«ለመሆኑ ሙቱ ሆኖ ምን ያደርጋል?»

«ይተኛል። ያለቅሱለታል። ከዚያ ይነሳል።»

«ይነሳል?»

«ይነሳል እማዬ። ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው።»

«ቂል!» አለች። ደስ ብሏት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

ከቀትር በኋላ በቀለ መጣ። ብቻውን ነበር፤ የተዋሰውን በቅሎ ይጎትታል። ኮቱ ላይ ዱቄት አየሁ። እናቴ ከሩቅ አይታው፣ «መጣ ሁለተኛው ሲኒማ!» ብላ ተጣራች።

በቀለ በቅሎውን ለቆ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። እሱ በኋላ እየተንተባተበ የነገረኝ ይህ ነው። እኔ ከሄድኩ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ክፍሌ ጉሙ ውጦት ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል እንዲቀረጽ ፈለገ። ፊቱን ወደ በቀለ እንዳዞረ ወደ ኋላ እየሄደ ይጠይቀው ነበር።

«አሁንስ ታየኛለህ?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«አሁንስ?»

«አሁን አላይህም!» አለው በቀለ፤ ደስ ብሎት። ከዚያ መልስ አልመጣም። ሙቱ ከጉሙ እስኪወጣ እየጠበቀ ፊልሙ እስኪያልቅ ቀረጸ። ሲገባው ካሜራውን ወደ ገደሉ ወረወረው።

እኔ እሳት ዳር እግሬን ስታጠብ ክፍሌ ሞቶ ነበር። በአባቴ አጥንት ስምልም።

አያ ደምሴ ነጠላቸውን እንደገና አዘቀዘቁ። ሰው ሁሉ አዘቀዘቀ። እናቴ ግን ቆማ አየቻቸውና፣ «ሂዱ ወደ ቤታችሁ» አለች። «አንድ ጊዜ አስደንግጣችሁኛል። ሁለተኛ አላለቅስም። በአባቱ አጥንት ምሎልኛል።»

«እማዬ—»

«ይነሳል አላልከኝም?»

ክፍሌን በገመድ ወርደው አወጡት። ዘመሮ ተቀበረ። ያንኑ የጽዱን ቃሬዛ እነዚያው አራት ጎረምሶች ተሸከሙት። እትዬ በላይነሽ መጥተው አፋቸውን በነጠላ ይዘው ተቀመጡ። ሰው ያውርዱ ብሎ ሲለምናቸው፣ «ስሙን ጨርሼዋለሁ» አሉ። ወንድሜ ሙሾ ሳይወርድለት፣ እናቱ ሳትቆም ተቀበረ።

አርባው አለፈ፤ ተስካር አልወጣም። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም። የንስሐ አባታችን መክረው፣ ተቆጥተው፣ በመጨረሻ አልቅሰው ሄዱ። መኝታውን በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። እውነቱን ልነግራት ስሞክር፣ «የትኛውን ቃልህን ልመን? እኔ የማልክበትን ነው የማምነው» ትለኛለች። ትምህርት ቤት ስመለስ ሦስቱን ጥቅሎች ለፈረንጁ ሰጠሁት። ስለ ካሜራው አንድ ቃል አልጠየቀኝም።

ከገና በኋላ ታጥበው መጡ። ሦስቱን በአንድ ላይ ቀጥሏቸው ነበር። ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ወደ እናቴ ሄጄ፣ «ክፍሌን ላሳይሽ» አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። በበቅሎና በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ድረስ መጣች። ጉያዋ ውስጥ አንድ ቋጠሮ ነበር፤ በሶ ነው። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

የፈረንጁ ቤት፣ በቀትር፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ነው ያየነው። ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቅሏል። የፊልም ማሳያ ማሽኑን አሠራር አሳይቶኝ፣ ብቻችንን ትቶን ወጣ። ከእናቴ ጀርባ ቆሜ ማሽኑን አስነሳሁት።

መጀመሪያ ክፍሌ ጸጉሩን ሲያበጥር መጣ። ካሜራውን ስንሞክር የቀረጽኩት ነው። ወደ እኛ ዞሮ አንድ ነገር ተናግሮ ሳቀ።

«ከሳ» አለች እናቴ።

ከዚያ ጉሙ መጣ። አራቱ ጎረምሶች፣ ቃሬዛው፣ ጥቁሩ ባና። ከጎን እትዬ በላይነሽ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«ድምፁስ?»

«ድምፅ የለውም እማዬ።»

አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቃሬዛው ይሄዳል። እናቴ ቃሬዛውን በዓይኗ ተከተለች። ከዚያ ተነሣች። ነጠላዋን አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው። ድምፅ የሌለውን አፍ እያየች፣ ቀስ ብላ፣ ድምፅ ሰጠችው። ስሙን ጠራች። የአባቱን ስም ጠራች። የራሷን ስም ጠራች። ደረቷን መታች። ያ ሁሉ ወር በዚያ ቤት ውስጥ ወጣ። ከቃሬዛው ኋላ እየሄደች መሰለኝ። እየሄደችም ነበር፤ አንሶላው ድረስ ሄዳ ቆመች።

ቃሬዛው አፋፉ አጠገብ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ያለውን አውቀው ነበር፤ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ግን ስንት ሰከንድ እንደቀረው አላወቅኩም። የማሽኑ ማጥፊያ የት እንደሆነ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ባናው ትንሽ ንቅንቅ አለ።

እጄን ብርሃኑ በሚወጣበት የማሽኑ መስተዋት ላይ ጫንኩት።

ቤቱ ጨለመ። ማሽኑ ይንጣጣል። መዳፌ ላይ ብርሃንና ጥላ ሲርገበገብ አያለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አይለይም። ይሞቃል። ወንድሜ መዳፌ ውስጥ እየተነሳ ነበር። አላሳየሁትም። ፊልሙ አልቆ ጅራቱ ሲጨበጨብ እጄን አነሳሁ፤ አንሶላው ነጭ ሆነ።

«አለቀ?» አለች እናቴ፣ ሳትዞር።

«አለቀ እማዬ።»

በነጋታው ጥቁር ጨርቅ ገዛች። አገር እንደገባች ካህናት ጠርታ ፍትሐት አስፈታች፤ በፋሲካ ማግሥት ተስካሩ ወጣ። እትዬ ዘነበች ሙሉ ሌሊት ሲጋግሩ አደሩ።

አንባቢዬ፣ ይህ ነገር ምን አደረገህ ብትለኝ በቅጡ ልነግርህ አልችልም። ለመሳቅ ብዬ የሰው ስም አልጠራም። አንድ ሰው «ደኅና ነው» ሲለኝ የተናጋሪውን እጅ ነው የማየው። የሚጠራኝ ሰው ካለ፣ ሥራዬ ይበላሻል ብዬ ዝም አልልም። ሮጬም ቢሆን እመልሳለሁ። እናንተም መልሱ። ክፍሌ ሰው አንድ ላይ እንዲጮህ ይፈልግ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰው እንዲስቅ፣ እርስ በርሱ እንዲተያይ። ክፋት አልነበረበትም። በእሱ የምፈርድ አይምሰላችሁ። ፊልሙ አልጋዬ ሥር ነው። መጨረሻዋን እስከ ዛሬ አላየኋትም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ጊዜ እናቴን ወደ መኪናው ስሸኛት የበሶውን ቋጠሮ ለእኔ ሰጠችኝ። መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ ጎንበስ ብላ ጠራችኝ።

«ታደሰ፣ መጨረሻው ላይ ይነሳል ብለኸኝ ነበር።»

መሬት መሬቱን አየሁ። እጄን ያዘችና መዳፌን ገልብጣ አየችው። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ደግ አደረግህ» አለች። «ይተኛ።»